በኮክ ዛፉ ላይ የረሳሁት ብርሃን

ልደታ፣ አዲስ አበባ
ማክሰኞ ግንቦት ፲፱ ቀን ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለሃረጎት ወልደትንሣኤ፣

ሰላምታዬን ትንሽ ወደ ታች አቆይቼዋለሁ፤ አስቀድሜ የማርመው ወሬ አለ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ የመርከብ ባልደረባህ ሰላሃዲን ዛሬ ጠዋት መጥቶ ነበር። ከደጃፉ ቆሞ ጫማውን ሊያወልቅ ሲጎነበስ «ምን ሆንክ?» አልኩት። «እማማ፣ ቤቱ የተቀደሰ ነው አሉኝ፤ እኛም መስጊድ ስንገባ እናወልቃለን» አለኝ። ከታክሲ ወርዶ እኛ ቤት እስኪደርስ ብቻ ሦስት ሰው ነግሮታል። ሐምቡርግ ሲደርስ ፖስታውን ከመስጠቱ በፊት አፉን እንደሚከፍት ስለማውቅ፣ እውነቱን ከእኔ እጅ አንብበው።

ስለ እኔ የሚወራው ይህ ነው። በግንቦት ልደታ ዕለት ግቢያችን ውስጥ ከሰማይ ብርሃን ወርዷል። ብርሃኑን ጸልዬ ያወረድኩት እኔ ነኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፤ ፎቶ ማንሳትም ትቻለሁ።

እህል በልቻለሁ። ትናንት ቅቅል በላሁ፤ ዛሬም የተረፈውን አሙቄ በላሁ። ወሬውን የፈጠረው ሰው በበዓለ ሃምሳ እንደማይጾም እንኳን አያውቅም። ፎቶም አልተውኩም። ዛሬ ብቻ ለፍርድ ቤት ጉዳይ የመጡ አራት ሰዎች ጉርድ ፎቶግራፍ አንስቻለሁ፤ አንደኛውን ዐይኑን ስለጨፈነ ሁለት ጊዜ። ጸልዬም ምንም አላወረድኩም። ብርሃን ግን በርቷል። ያበራው አንተ የላክልኝ ዕቃ ነው።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበል። እዚያ በዚህ ወር ብርዱ እንደሚለቅ ሰላሃዲን ነግሮኛል፤ ቢለቅም ሹራብህን ቶሎ አታውልቅ። እኔ ደህና ነኝ። ግራ ትከሻዬ ጠዋት ጠዋት ይይዘኛል፣ ረፋዱ ላይ ይለቀኛል። መነጽሬን አስለውጫለሁ። ፎቶ ቤቱም ደንበኛ አላጣም፤ ፍርድ ቤቱ እዚህ እስካለ ድረስ ሰው ጉርድ ፎቶ ያስፈልገዋል።

ዕቃው በጥር ወር በሰላሃዲን እጅ ሲደርሰኝ ሁለቱን ትንንሽ ሳጥኖች ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ለብዙ ጊዜ አየኋቸው። አንደኛው፣ ላኪው፣ ካሜራው ላይ ይሰካል። ሁለተኛው፣ ተቀባዩ፣ ፍላሹ ላይ ይታሰራል። በመካከላቸው ምንም የለም። የጻፍክልኝን መመሪያ በአንድ ቀን አጠናሁት፤ በሥዕሉ ላይ ሦስተኛ ያልከው ቁልፍ አራተኛው ነው፣ ለሌላ ሰው ስትጽፍ አስተካክለው። ካሜራውን ስጫን በክፍሉ ሌላኛው ጥግ የቆመው ፍላሽ ቦግ አለ። «እማዬ፣ ከእንግዲህ ፍላሽ ይዘሽ አትቆሚም፤ ትከሻሽ ይረፍ» ብለህ ነበር የጻፍክልኝ። ትከሻዬ አርፏል፣ ተመስገን። ግን እውነቱን ልንገርህ፤ በዚያን ቀን ዞር ብዬ ገመዱን ፈለግሁት።

አንተ ከመወለድህ በፊት ጀምሮ እኔና አባትህ የሠራነው በአምስት ሜትር ገመድ ተያይዘን ነው። እሱ ካሜራውን ይይዛል፤ እኔ በስተግራው ራቅ ብዬ ፍላሹን ከራሴ በላይ አንሥቼ እቆማለሁ። ሌሎቹ ፎቶ አንሺዎች ፍላሹን ካሜራቸው ላይ ሰክተው ነበር የሚሠሩት። አባትህ አይወድም ነበር። «ከፊት ለፊት ያበሩበት ሰው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ይመስላል» ይላል። «ብርሃን ከጎን ሲመጣ ነው አፍንጫም አፍንጫ፣ ጉንጭም ጉንጭ የሚሆነው።» የሰፈሩን ሙሽሮች ፎቶ አውጥተህ ብታይ፣ ጥላው ሁሉ ከግራ ወደ ቀኝ የሚወድቀው እኔ በግራ ስለቆምኩ ነው። በአንዱም ፎቶ ውስጥ የለሁም፤ በሁሉም አለሁ።

በሠርግ ጫጫታ መሃል መጮህ ነውር ስለሆነ በገመዱ ነበር የምንነጋገረው። አንድ ጊዜ ሳብ ካደረገው «ከፍ አድርጊው» ማለቱ ነው። ሁለት ጊዜ ሳብ ካደረገው «ቀረብ በይ» ነው። ሦስት ጊዜ ከሆነ ፊልሙ አልቋል። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር አንድ ሠርግ ላይ ሚደቅሳ የሚባል ረጅም ሚዜ ገመዱ እግሩን ጠልፎት ከመውደቅ ለጥቂት ተረፈ። ቀና ብሎም አልተወኝ።

«እመቤቴ፣ ባልዎን በገመድ አስረው ነው የሚያዞሩት?» አለኝ በሰው ፊት።

«እሱ ነው ያሰረኝ» አልኩት።

አባትህ ዐይኑን ከካሜራው ሳያነሣ «ማን ማንን እንዳሰረ እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም» አለ። ሙሽራዋ ከት ብላ ሳቀች፤ በዚያች ቅጽበት ተጫነው። ያ ፎቶ አሁንም መስኮታችን ላይ አለ። የዚያች ሙሽራ ልጅ ባለፈው ሳምንት ለትምህርት ቤት ጉርድ ፎቶ ልትነሳ መጥታ፣ እናቷ መሆኗን ሳታውቅ «ይህቺ ሴትዮ ታምራለች» አለችኝ።

አባትህ በታመመ ጊዜ አንተ ባሕር ላይ ነበርክ። በመጨረሻዎቹ ቀናት መናገር አቅቶት ነበር። አልጋው አጠገብ ስቀመጥ የነጠላዬን ጫፍ ይይዝና ሁለት ጊዜ ሳብ ያደርገዋል። ይህን እስካሁን አልጻፍኩልህም ነበር። እንግዲህ አንተ የላክልኝ ዕቃ ጎበዝ ነው፤ ያዘዙትን ይፈጽማል፣ አይደክመውም፣ አይጠላለፍም። ሳብ ግን አያደርግም። በገመድ እየሠራሁ ቢሆን ኖሮ የምጽፍልህ ስሕተት አይፈጠርም ነበር።

ወደ ነገሬ ልምጣ። ጎረቤታችንን እንዳለችን ታውቃታለህ፤ በልደታ ማርያም በር ጧፍ የምትሸጠውን። ባሏ ደገፋ ከሞተ ወዲህ ከልጇ ከሞቱማ በቀር ማንም የላትም። አንተ ስትሄድ ሞቱማ በኳስ ግድግዳችንን የሚደበድብ ልጅ ነበር። አምና በጥር ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ወደ ሰሜን ሄደ። ሁለት ደብዳቤ ጻፈ። ከመስከረም ወዲህ ግን ምንም የለም። በሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ከዚያ የተመለሰ አንድ ወታደር ለእንዳለች እንዲህ ብሎ ነገራት፦ ደሴ ከተኙት ቁስለኞች መካከል ሞቱማ የሚሉት ልጅ አለ፤ ሁለቱም እጆቹ በፋሻ ስለታሰሩ መጻፍ አይችልም፤ የአባቱን ስም አላወቅሁም። እንዳለች ስንት ቀን ተመላልሳ የይለፍ ወረቀት አወጣች፤ የሚያገለግለው እስከ ግንቦት ሃያ አምስት ቀን ብቻ ነው። የአውቶቡስ ቲኬቷንም ለግንቦት አራት ቆርጣ ነበር።

ግንቦት አንድ ቀን ልደታ ሆነች። ወጉን አትረሳውም፤ እመቤታችን የተወለደችው ከቤት ውጭ ነውና በዚያን ቀን ንፍሮውም ዳቦውም ጣሪያ ሥር አይበላም። የሰፈሩ ሴቶች አዋጥተን፣ ደጅ ላይ ቄጠማ ጎዝጉዘን፣ ፀሐይ ልትገባ ስትል እንቀመጣለን። ዘንድሮ ተራው የእኛ ግቢ ነበር። አሥራ አራት ነበርን።

ፀሐይቱ፣ ምላሷን ታውቀዋለህ፣ ገና በጠዋት መጥታ «ዘንድሮ አብረን ፎቶ እንነሳ፤ ከርሞ ማን እንደሚጎድል አይታወቅም» አለች።

«አንቺ አትጎድዪም፤ ሞትም ምላስሽን ይፈራል» አለቻት እንዳለች። በዚያን ቀን ስትቀልድ የሰማኋት ያኔ ብቻ ነው።

ለፎቶው ብዬ ከሰዓት በኋላ ፍላሹን ኮክ ዛፉ ላይ አሰርኩት። ቅጠሉ ሸፈነው። ብርሃኑ እንዲለሰልስ በአባትህ ነጭ መሀረብ ጋረድኩት። ተቀባዩን አበራሁ፣ ሞከርኩት፣ ሠራ። ከዚያ ማጥፋት ነበረብኝ። አባትህ «ሞክረሽ ስትጨርሺ አጥፊ፣ ልታነሺ ስትይ አብሪ» እያለ ሠላሳ ዓመት ነግሮኛል፤ እኔም በዚሁ ነገር ስንቱን ሰው ተቆጥቻለሁ። ንፍሮው ገነፈለ ብለው ሲጠሩኝ ሄድኩ። አላጠፋሁትም። ስሕተቱ ይህ ነው፤ የሌላ የማንም አይደለም፣ የእኔ ነው።

ከተበላ በኋላ እያንዳንዷ እየተነሳች ለከርሞ መሳል ጀመረች።

«ልደታዬ፣ ይኼ ወገቤ ከርሞ ቀጥ ካለልኝ ሁለት ትልልቅ ዳቦ!» አለች ፀሐይቱ።

«ምላስሽ ደግሞ ካጠረልን ሦስተኛውን እኛ እንጨምራለን» አለቻት አንዷ። ተሳቀ። የእኔም ተራ ደረሰ፤ ጮክ ብዬ ለትከሻዬ ተሳልኩ። ከዚያ እንዳለች ተነሳች። ሁለት እጆቿን ዘረጋች።

«ልደታ» አለች፣ «ልጄ በሕይወት ካለ አሳዪኝ። ሌላ አልልሽም። አሳዪኝ ብቻ።»

በላያችን ሄሊኮፕተር እያጓራ ወደ አሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ አለፈ፤ ድምፁን ስለለመድነው ማንም ቀና አላለም። ያን ጊዜ ግቢው በሙሉ ነጭ ሆነ። የእንዳለች ፊት፣ የተዘረጉት መዳፎቿ፣ ቄጠማው ላይ የፈሰሰው የንፍሮ ፍሬ አንድ በአንድ ታየ። ከዚያ ከቀድሞው የባሰ ድንግዝግዝ ሆነ።

እልልታው ከቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ተሰምቷል ይላሉ። ፀሐይቱ፣ ዝም ብላ የማታውቀዋ ፀሐይቱ፣ ቄጠማው ላይ በግንባሯ ተደፍታ ነበር። እኔም ብድግ ብያለሁ። ስለዚያች ቅጽበት የምነግርህ አንድ ነገር አለኝ፤ ወደ መጨረሻ ላቆየው። ቀና ስል ከቅጠሉ መሃል ትንሿ ቀይ መብራት ቀስ እያለች ስትበራ አየሁ። ፍላሹ ለሚቀጥለው ዝግጁ ነኝ ማለቱ ነው።

«ፍላሽ ነው» ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ነው። እንዳለች ግን ጉልበቴን አቅፋ «አዩ እትዬ? አዩ?» ትለኛለች።

«አየሁ» አልኳት።

ውሸት አይደለም፤ አይቻለሁ። በልጅነቴ ያስተማረችን መነኩሲት ግን እንዲህ ያለውን መልስ ነበር በማስመሪያ የምታርመው። «ከጠየቅሁሽ ያነሰ መልስ ውሸት ነው» ትለን ነበር። ሃምሳ ዓመት አልፎኝም ጣቶቼን ያመኛል።

የዚያን ዕለት ፎቶ ሳንነሳ ቀረን። ሴቶቹ ሲሄዱ ፍላሹን አወረድኩት። በማግስቱ ፎቶ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ የላኪውን ባትሪ አውጥቼ፣ ተቀባዩን ብቻ አብርቼ ጠበቅሁ። በአራት ቀን ውስጥ ሄሊኮፕተር ዘጠኝ ጊዜ አለፈ። ፍላሹ ሁለት ጊዜ በራ፤ ሁለቱንም ጊዜ እያለፈ ሳለ ነው፣ በሌላ ሰዓት አንድም ጊዜ አልበራም። የአብራሪዎቹ መነጋገሪያ ሬዲዮ የእኛን ዕቃ የሚያስነሳው ይመስለኛል፤ የሬዲዮ ነገር የአንተ ሙያ ስለሆነ ትክክል መሆኑን ጻፍልኝ። ከየት እንደሚመጡና ምን እንደሚጭኑ አላውቅም። ከሰሜን ቁስለኛ ያመጣሉ የሚሉ አሉ። በዘጠኝ ሁለት ጊዜ የሚበራው ነገር ለምን በዚያች ሰዓት፣ ለምን «አሳዪኝ» ካለች በኋላ በራ ብለህ ብትጠይቀኝ ግን በሙከራ ላገኘው አልቻልኩም። የእኔ ትምህርት እዚያ ድረስ አይደርስም።

ይህን ሁሉ አውቄ አሥራ ስምንት ቀን ዝም አልኩ። እንዳለች እንቅልፍ ተኛች፣ በላች፣ ከመስከረም ወዲህ ያልተለበሰ ቀሚሷን ለበሰች። ለምን ልቀማት አልኩ። ፈርቼም ነበር፤ ይህን ካልጻፍኩ ደብዳቤው ሙሉ አይሆንም። ሬዲዮ የሚልክ ዕቃ ያለ ፈቃድ ቤትሽ ውስጥ ምን ይሠራል ብሎ ቀበሌ ቢጠይቀኝ ምን እንደምመልስ አላውቅም። ዝምታዬ ስንቱ ለእንዳለች ማዘን፣ ስንቱ ለራሴ መፍራት እንደሆነ ለይቼ ልነግርህ አልችልም። ሰው ደግሞ መምጣት ጀመረ። አንዲት ሴት ከመርካቶ ድረስ መጥታ ከኮክ ዛፉ ቅጠል በጠሰች። «ፍሬው ገና ነው» አልኳት። «ቅጠሉ ይበቃኛል» ብላኝ ሄደች።

ከዚያ ግንቦት አራት አለፈ። እንዳለች ወደ ደሴ አልሄደችም። ቲኬቷን መልሳለች።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወደ እኔ መጣች። አምሮባታል።

«እትዬ ወይንሀረግ፣ ሐሙስ ደብረ ምጥማቅ ነው» አለችኝ። እመቤታችን በብርሃን የተገለጠችበት በዓል መሆኑን ላንተ መንገር አያስፈልገኝም።

«አውቃለሁ» አልኳት።

«ለቄሱ ነግሬያቸዋለሁ። በሕዝቡ ፊት ቆሜ እመሰክራለሁ። እርስዎ ከጎኔ ይቆማሉ።»

«እኔ ምን አደርግልሻለሁ?»

«ይኼ ደግሞ ምን ጥያቄ ነው! እኔን ጧፍ ሻጭዋን ማን ያምነኛል? እርስዎ ግን በሰው ፊት ላይ ያለች ማድያት እንኳ አጥፉልኝ ሲሉዎት እምቢ የሚሉ ሰው ነዎት። ወይዘሮ ወይንሀረግ አየሁ ካሉ ነገሩ አለቀ።»

«ደሴስ?» አልኳት።

«ደሴ ምን አለ?»

«የይለፍ ወረቀትሽ እስከ ሃያ አምስት ነው።»

ሳቀች። «እትዬ ደግሞ! አሳይታኛለች እኮ። ልጄ ደህና ነው፤ በእግሩ ይመጣል። ደሴ የተኛው የሌላ ሰው ልጅ ነው። እጁ የታሰረው የእኔ አይደለም።» የእኔ አይደለም ስትል ድምፅዋ ትንሽ ተሰነጠቀ። ያኔ ነው የገባኝ። ብርሃኑ ያስደሰታት ልጇ በሕይወት አለ ስላለ ብቻ አይደለም፤ ደሴ ሄዳ ከማየት ስላዳናት ነው። በሩን ከፍታ አልጋዎቹን አንድ በአንድ ማየት ፈርታ ነበር፤ እኔ በረሳሁት ፍላሽ ምክንያት ቀረላት። እዚያ የተኛው ልጅ ግን፣ ሞቱማ ከሆነ፣ በታሰሩ እጆቹ እናቱን እየጠበቀ ነው።

እሷ ከሄደች በኋላ የሞቱማን ኔጋቲቭ ፈልጌ አወጣሁ። ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው ያነሣሁት። ዕቃህ ገና አልደረሰኝም፣ አባትህም የለ። ካሜራውን በባለ ሦስት እግሩ መቆሚያ ላይ አቁሜ፣ በቀኝ እጄ እየተጫንኩ፣ በግራዬ ፍላሹን ገመዱ እስከደረሰልኝ ድረስ ዘርግቼ ነበር። ብርሃኑ ከጎን ስለመጣ በግራ ቅንድቡ ላይ ያለችው ጠባሳ ቁልጭ ብላ ወጣች።

«ጠባሳውን ያጥፉልኝ እባክዎ፤ ዱርዬ አስመሰለው» አለችኝ እንዳለች።

«ካጠፋሁት የማን ልጅ ይሆናል?» አልኳት።

ሞቱማ ሳቀ። «ተዪ እማዬ፣ እትዬ እንኳን የእኔን ጠባሳ የቀበሌውን ሊቀመንበር ኪንታሮትም አያጠፉም» አለ።

ትናንት ጨለማ ክፍል ገብቼ ከዚያች ኔጋቲቭ አሥራ ሁለት ፎቶ አጠብኩ። ስሙን የማያውቀው የደሴ አስታማሚ ጠባሳውን ያውቀዋል። ፊቱ ከመድኃኒቱ ውስጥ ቀስ እያለ ሲወጣ ሁልጊዜ የማደርገውን አደረግሁ፤ ወደ ግራዬ ዞሬ «ይበቃዋል?» አልኩ። የሚመልስልኝ አልነበረም። እኔው «ይበቃዋል» ብዬ አወጣሁት።

አሁን ያቆየሁትን ልንገርህ። እንዳለች «አሳዪኝ» ስትል እኔም በልቤ የሌላ ልጅ ስም እየጠራሁ ነበር። ጮክ ብዬ የተሳልኩት ለትከሻዬ መሆኑን ጽፌልሃለሁ፤ እሱ ለጎረቤት ጆሮ ነው። ብርሃኑ ሲበራ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ፍላሹ አልነበረም። «ሰማችኝ» ነው ያልኩት። ከዚያ ቀና ብዬ ቀይዋን መብራት አየሁ። አንዲት ሴኮንድ ብትሆን ነው። እኔ አንዲት ሴኮንድ በገባሁበት ቤት እንዳለች አሥራ ስምንት ቀን ኖራበታለች። እንዴት እንደሚሞቅ አውቀዋለሁ፤ ለዚህ ነው «ውጪ» ለማለት አፌ የተሳሰረው።

አንተ ግን በዚህ አትጨነቅ። ና ማለቴ አይደለም። ለአንተ መንገዱ ምን እንደሚመስል፣ እዚህስ ማን እንደሚጠይቅህ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ሥራህን አክብር። የራስህን ፎቶ ላክልኝ፤ ፍላሹ ካሜራው ላይ ተሰክቶ የተነሳውን ዓይነት አይሁን፣ ባለፈው የላክኸው ወረቀት አስመስሎሃል። ከጎን ይብራልህ። የሚይዝልህ ሰው ካለ ማን እንደሆነ ጻፍልኝ፤ ሴት ከሆነችም አልቆጣም።

በሰላሃዲን እጅ ከደብዳቤው ጋር አንድ ትንሽ ጥቅል ልኬልሃለሁ። ገመዱ ነው። ከመሃል ቆርጬ ግማሹን ላንተ አደረግሁት፤ በአባትህ እጅ የነበረው ጫፍ ነው። የእኔ ጫፍ እዚህ አለ። ለሥራ አያገለግልህም፤ አስቀምጠው። ሁለት ጊዜ ሳብ ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ ከላይ ጽፌልሃለሁ።

በአባትህ አጥንት፣ በወለድኩህ ሆዴ እመርቅሃለሁ። የቆምክበት ምድር እንግዳ አያድርግህ። በባሕር በየብስ፣ በማታውቀው ቋንቋ መካከል፣ ፊትህን የሚያውቅ ሰው አይጥፋብህ። ልደታ ትጠብቅህ።

ነገ ረቡዕ ነው። ስነሳ በመጀመሪያ ጸሎቴን አደርሳለሁ። ሁለተኛ፣ የሁለቱንም ሳጥኖች ባትሪ እፈትሻለሁ፤ በአንድ ጊዜ ካልበራ አታምነኝም። ፍላሹን ዛሬውኑ ኮክ ዛፉ ላይ እነበረበት ቦታ መልሼ አስሬዋለሁ፤ መሀረቡም አለ። ሦስተኛ፣ እንዳለች ጧፏን ይዛ ሳትወጣ ጠርቼ ከዛፉ ሥር አቆማታለሁ፤ ላኪውን በእጇ እሰጣትና ራሷ ትጫነዋለች። የፈለገችውን ትበለኝ፣ አልመልስላትም። ለምን በዚያች ሰዓት በራ ካለችኝ አላውቅም እላታለሁ፤ ይህም እውነት ነው። አራተኛ፣ አሥራ ሁለቱን ፎቶዎች እሰጣታለሁ። አምስተኛ፣ ቀበሌ ሄጄ በስሜ የይለፍ ወረቀት እጠይቃለሁ፤ ስለ ዕቃው ከጠየቁኝም የጠየቁኝን ያህል እመልሳለሁ። ከፈቀዱልኝ ዓርብ አብረን ደሴ እንሄዳለን። ካልፈቀዱልኝ አውቶቡሱ ድረስ እሸኛታለሁ። እንዳለች ከዛፉ ሥር ካለቀሰች፣ ነጠላዬን እስክትስበው አልጠብቅም፤ ራሴ እቀርባታለሁ። ከዚያ ተቀባዩን አጠፋለሁ።

እናትህ
ወይንሀረግ